እናታችሁ ነርሲንግ ሆም ከገቡ፦ ከነርስ ፕራክቲሽነሯ ጋር እንዴት ትሠራላችሁ?

ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ፕራክቲሽነር ነኝ፤ ማለት ተጨማሪ ተምራ ራሷ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ። የማያቸው ሰዎች ነርሲንግ ሆም የሚኖሩ አረጋውያን ናቸው። እዚህ አገር ሥራ የጀመርኩት በሲኤንኤነት፣ ማለት በነርስ ረዳትነት ነው። ሰው አገላብጫለሁ፣ አጥቤአለሁ፣ አጉርሻለሁ። ከዚያ ነርስ ሆንኩ፣ ከዚያ ተምሬ አሁን ያለሁበት ደረስኩ።

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ የኛ ሰው ብዙ ነው። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የመጡ እናቶች አርጅተዋል። ቤት ማቆየት ሲያቅት ልጆች እያለቀሱ ነርሲንግ ሆም ያስገቧቸዋል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላም "ዶክተሩ የት አለ? አንድ ቀን እንኳን አላየነውም" ይላሉ። ይህን የምጽፈው ለነሱ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሚያያቸው እወቁ። በፌዴራል ሕጉ መሠረት ሐኪም ወይም እሱን የሚተካ ባለሙያ አረጋዊውን በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ቢያንስ በየ30 ቀኑ፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በየ60 ቀኑ ማየት አለበት። የመጀመሪያውን ጉብኝት ሐኪሙ ራሱ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ አንዱን እሱ፣ ሌላውን እኛ እየተፈራረቅን ልናይ እንችላለን። በመሃል አንድ ነገር ሲፈጠር የምትጠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነርስ ፕራክቲሽነሯ ናት። እንመረምራለን፣ ደምና ራጅ እናዛለን፣ መድኃኒት እንጽፋለን፣ መድኃኒት እናቆማለን። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2015 ጀምሮ ሕጉ ይህን በራሳችን ፈቃድ እንድንሠራ ይፈቅዳል። "ነርስ ብቻ ናት" ብላችሁ ጥያቄአችሁን ለዶክተሩ አታቆዩት። ዶክተሩ እስኪመጣ ሁለት ወር ሊሆን ይችላል።

ሙያው አዲስ አይደለም። በ1965 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሎሬታ ፎርድ የምትባል ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የሚባል የሕፃናት ሐኪም የጀመሩት ነው። መነሻው ሐኪም የማያገኙ ሕፃናት ነበሩ። ዛሬ ግን ሐኪም ብዙም ብቅ የማይልበት ቦታ ቢኖር ነርሲንግ ሆም ነው።

ብዙዎቻችን የነርሲንግ ሆሙ ሠራተኞች አይደለንም። ከሌላ የሕክምና ቡድን የተወሰኑ ቀናት እንመጣለን። ስለዚህ እናታችሁ በገቡበት ሳምንት ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ ሂዱና አራት ነገር ጠይቁ። ስሟ ማን ነው? በየትኛው ቀን ትመጣለች? በምን ስልክ ትገኛለች? ማታና ቅዳሜ እሁድ ማን ይተካታል? መልሱን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር እንሂድ።

እኔ እናታችሁን የማያቸው ሃያ ደቂቃ ነው። የትናንቷን ሴት አላውቃትም። እናንተ ታውቋታላችሁ። ስለዚህ ከማንም በላይ ከእናንተ የምፈልገው ለውጥን ነው። "እማዬ ደህና አይደለችም" የሚል መልእክት ሲደርሰኝ እጨነቃለሁ እንጂ ምን ልፈልግ እንደምሄድ አላውቅም። "ትናንት ማንኪያውን ራሷ ይዛ በላች፣ ዛሬ መያዝ አቅቷታል፤ ከሰኞ ጀምሮ አልተጸዳዳችም" ካላችሁኝ ግን በሩን ሳልከፍት ግማሹን መርምሬአለሁ። ከትናንት ያነሰ መብላት፣ ያነሰ መጠጣት፣ ያነሰ ማውራት፣ ለመነሳት ተጨማሪ እጅ መፈለግ፣ ሦስት ቀን ያለመጸዳዳት፣ አዲስ ቁጣ፣ አዲስ ድብታ። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ደውሉ። "ላስቸግራት አይገባም" አትበሉ።

አንድ ልጅ አባቷን ልትጠይቅ መጣች። አባቷ ሰላምታቸው ረጅም ነው። ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ባልሽስ፣ ሥራሽስ፣ ያቺ ጎረቤትሽስ እያሉ ሁሉንም ያዳርሳሉ። ያን ቀን "ደህና" ብለው ዝም አሉ። ልጅቱ ነርሷን "አባቴ ሰላምታውን አልጨረሰም" አለቻት። ነርሷ የሃያ ዓመት ልምድ ያላት ብትሆንም ይህ እንዴት የሕመም ምልክት እንደሚሆን አልገባትም። የሙቀት መጠናቸው 99.4 ፋራናይት ነው፣ ትኩሳት የለም አለች። ልጅቱ ግን ለኔ ደወለች።

ስደርስ መዝገቡን አየሁ። የሁልጊዜ ሙቀታቸው 97.2 ነው። በሽማግሌ ሰው ላይ ከራሱ መደበኛ ሙቀት ሁለት ዲግሪ ፋራናይት ከፍ ካለ ትኩሳት ነው፤ 100 እስኪደርስ አይጠበቅም። ሰዓቴን ይዤ ሙሉ አንድ ደቂቃ አተነፋፈሳቸውን ቆጠርኩ። 28 ጊዜ። ከ25 ሲያልፍ ሳንባን መጠርጠር ነው። ተንቀሳቃሽ የራጅ ማሽን አስመጣሁ፣ የሳንባ ምች ሆነ። እዚያው አልጋቸው ላይ ሆነው አንቲባዮቲክ ተጀመረላቸው፣ አምቡላንስ ሳይጠራ። በአራተኛው ቀን ስለ ጎረቤቷ ጠየቁ።

ሰላምታ ያላለቀ ቀን ምን ማለት እንደሆነ መጽሐፍ ላይ አይገኝም። እንዲህ ያለውን ንገሩን።

አሁን ስለ ቋንቋ ላውራ፤ እዚህ ላይ ብዙ ስህተት አይቻለሁ።

አንዲት እናት ሁሌ ማታ ማታ "ሆዴን ባር ባር ይለኛል" ይላሉ። አንድ አማርኛ በከፊል የሚሰማ ልጅ "ሆዷን ያማታል" ብሎ ተረጎመ። የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ስላልተሻላቸው መጠኑ ተጨመረ። እኔ ስመጣ መድኃኒቱን ሁለት ወር ወስደውታል። አጠገባቸው ተቀምጬ "እማማ፣ መቼ ነው ባር ባር የሚልዎት?" አልኳቸው። "ሲመሽ፣ መብራቱን ሲያጠፉት፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ" አሉ። ሆዳቸው ምንም አልሆነም። ብቸኝነት ነው። የጨጓራውን መድኃኒት አቆምኩ። ልጃቸው በየማታው አንድ ሰዓት ላይ በቪዲዮ እንዲደውል፣ ሲኤንኤዋም ስልኩን እንድትይዝላቸው ኬር ፕላናቸው፣ ማለት የእንክብካቤ ዕቅዳቸው ላይ አስጻፍኩ። የድባቴ ምርመራም አደረግኩላቸው።

ሌላው የአእምሮ ጥያቄው ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን በየጊዜው የሚጠይቁበት አጭር ፈተና አለ፣ ከ15 ነጥብ የሚታረም። አንዱ ጥያቄ "አሁን ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?" የሚል ነው። ብቻውን ሦስት ነጥብ ይይዛል። ከአምስት ዓመት በላይ የሳተ ሰው ዜሮ ያገኛል። በ2023 ሚያዝያ ላይ አንዲት እናት ሲጠየቁ "2015" አሉ። ትክክል ናቸው! በኛ አቆጣጠር 2015 ነበር። መዝገቡ ላይ ግን ዜሮ ተጻፈባቸው። ሰዓቱን ሲጠየቁ "ሦስት ሰዓት" አሉ። ጠዋት ነው፣ በፈረንጅ ዘጠኝ ሰዓት። "ጊዜ ተምታቶባታል" ተባለ።

ስለዚህ ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ወይም ነርሷን አግኝታችሁ ይህን በግልጽ ንገሩ። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደኋላ ነው፣ ሰዓታችን የሚቆጠረው ከንጋት ነው፣ ወራችን አሥራ ሦስት ነው። መዝገብ ላይ ይጻፍ በሉ። የልደት ቀናቸው ወረቀት ላይ ጃኑዋሪ አንድ ከሆነና ትክክለኛው ዕድሜ ሌላ ከሆነም ንገሩኝ፤ የመድኃኒት መጠን ስወስን ዕድሜ ይቆጠራል።

ለትልልቅ ንግግር አስተርጓሚ ጠይቁ። በስልክም በቪዲዮም አማርኛ አለ፣ ለእናንተ በነፃ ነው፣ መብታችሁ ነው። የልጅ ልጅ የአያቱን የሽንት ነገር እንዲተረጉም አታድርጉ። እሳቸውም አይናገሩም፣ እሱም ያፍራል።

ደግሞ የኛ ሰው "እንዴት አደሩ?" ሲባል "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ይላል። ዳሌው ተሰብሮም ይለዋል። ይህን ለሠራተኞቹ አስረዱ። ሕመምን በቃል ብቻ አትጠይቁ፤ ስታገላብጧቸው ፊታቸውን እዩ፣ እጃቸው አልጋውን ጨምድዶ ይይዝ እንደሆነ እዩ በሏቸው።

ስለ መድኃኒት ሦስት ነገር ልበል። የመጀመሪያው፣ ከቤት ያመጣችሁትን ሁሉ አሳዩን። ጥቁር አዝሙዱንም፣ ዳማከሴውንም። አንቆጣም። ሁለተኛው፣ ለእንቅልፍ ብላችሁ ታይለኖል ፒኤም ወይም ቤናድሪል በቦርሳ ይዛችሁ አትግቡ። ሁለቱም ውስጥ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን የሚባለው ነገር ለአረጋዊ ክፉ ነው፤ ያደናግራል፣ ሽንት ይይዛል፣ ያደርቃል፣ ይጥላል። ለአረጋውያን መሰጠት የሌለባቸውን መድኃኒቶች የያዘ ቢርስ የሚባል ዝርዝር አለ። በ1991 የወጣ ነው፣ በ2023ም ታድሷል። ይህ መድኃኒት እዚያ ላይ አለ። ሦስተኛው፣ ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት ሁለት ጥያቄ ጠይቁኝ። "ለምንድን ነው? እስከ መቼ ነው?" አንዳንዱ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ለሦስት ቀን የተጀመረ ነው፤ ማንም ሳያቆመው ዓመት ይሞላዋል። እኔም ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያጣሁበት ጊዜ አለ፤ ያኔ መድኃኒቱን ቀነስኩት።

እናታችሁ ድንገት ከተደናገሩ "ሽንቷ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ፣ አንቲባዮቲክ ስጧት" አትበሉ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ካሉ ሴቶች ብዙዎቹ ሽንታቸው ሲመረመር ባክቴሪያ ይገኝበታል፣ ሕመም ግን የላቸውም። መደናገሩ ከድርቀት፣ ከሆድ ድርቀት፣ ከአዲስ መድኃኒት፣ ካልታከመ ሕመም ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ እንድፈልግ ጊዜ ስጡኝ። ትኩሳት፣ ሲሸኑ ማቃጠል፣ የጎን ሕመም ካለ ግን ወዲያው ንገሩኝ።

ጾም። ይህን የማይነግሩን ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፣ ግን አደጋ አለው። አንዲት እናት በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ኢንሱሊናቸው ጠዋት ይሰጣል። የቁርስ ሳህኑ ሳይነካ ይመለሳል፣ ሠራተኛዋ "አልፈለገችም" ብላ ትጽፋለች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስኳራቸው 54 ሆኖ፣ ልብሳቸው በላብ ርሶ አገኘኋቸው። ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው፤ 54 ሰው ሊጥል ይችላል። ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ያልተነገረን ነገር ነው።

እንዲህ አድርጉ። ጾሙ ሳይገባ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ንገሩኝ። የኢንሱሊኑን ሰዓትና መጠን አስተካክላለሁ። የንስሐ አባታቸውን አምጡና ያነጋግሯቸው፤ ታማሚና አረጋዊ የሚፈታበት ሥርዓት አለ፣ ግን ከልጅ አፍ ሲሰሙት አይቀበሉም፣ ከአባት ሲሰሙት ይቀበላሉ። ሙስሊም ከሆኑም ለረመዳን እንደዚሁ ኢማሙን። መጾማቸው ካልቀረ ወጥ ቤቱ ይወቅ። "የአትክልት ሾርባ" የተባለው በዶሮ ቅቅል ይሠራል፤ እሳቸው ሽታውን አውቀው አይነኩትም። እንዲህ እየሆነ ሰው ይከሳል። በአንድ ወር ውስጥ ከክብደታቸው 5 በመቶ ከቀነሱ፣ ማለት 120 ፓውንድ የሆኑ ሰው 6 ፓውንድ ከጣሉ፣ ትልቅ ነገር ነው። ክብደታቸውን በየወሩ ጠይቁ። ይመዘናሉ፣ ቁጥሩ አለ።

ምግብ ማምጣት ጥሩ ነው። ሽሮ በፔርሙስ ይዞ የገባ ልጅ ያበላውን ያህል እኔ በምግብ ማሟያ ጠርሙስ አላበላሁም። ግን ከማጉረሳችሁ በፊት የመዋጥ ችግር ይኖርባቸው እንደሆነ ነርሷን ጠይቁ። ውሃቸው እንዲወፍር የታዘዘላቸው ከሆነ ቀጭን ሾርባ ወደ ሳንባቸው ሊገባ ይችላል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ጎመን አትከልክሏቸው፣ ግን መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ። ልባቸው ደክሞ ፈሳሽ የተመጠነላቸው ከሆነ ጠበሉም ይቆጠራል። አንድ ሲኒ ጠዋት ጠዋት እንስማማ፤ ቀሪው ለመቀባት ይሁን።

እግራቸውን እዩ። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ካልሲውን አውልቁና ተረከዙን እዩ፣ ከዚያ የጀርባቸውን መጨረሻ፣ ከመቀመጫው በላይ ያለውን አጥንት። የመኝታ ቁስል ሲጀምር መጽሐፉ "ቀይ" ይላል። በኛ ቆዳ ላይ ቀይ አይታይም። ከአካባቢው የጠቆረ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ነው። በዓይን ብቻ አትመኑ፣ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ከጎኑ ካለው ቆዳ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፣ ይጠነክራል ወይም እንደበሰለ ፍሬ ይለሰልሳል። በዚህ ደረጃ ከተገኘ ተረከዙን ከፍራሽ አንስቶ ትራስ ከባታቸው ሥር ማድረግ ይበቃው ይሆናል። ከተከፈተ ግን ወራት ይወስዳል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ቸኩዬ ካልሲ ሳላወልቅ የወጣሁበት ቀን ነበር። በሳምንቱ የተከፈተ ቁስል አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ካልሲ ሳላወልቅ ከክፍል አልወጣም።

ኬር ፕላን ሚቲንግ የሚባል ስብሰባ ሲጠሩአችሁ ሂዱ። ከገቡ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይደረጋል፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። በስልክም መግባት ይቻላል። የ1987ቱ የነርሲንግ ሆም ሕግ ነው ይህን መብት የሰጠው። እኔ ሁሌ አልገኝም፤ ስለዚህ "ነርስ ፕራክቲሽነሯ ይህን ትመልስ" ብላችሁ ጥያቄአችሁን በጽሑፍ ተዉልኝ። ቅሬታችሁ ሰሚ ካጣ በየስቴቱ ኦምቡድስማን የሚባል ጽሕፈት ቤት አለ፣ በነፃ ይረዳል፣ ስልኩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ሜሪላንድ ውስጥ ሞልስት የሚባል ፎርም አለ። ነርሲንግ ሆም ለሚገባ ሰው ሁሉ ይሞላል፣ እኔም መፈረም እችላለሁ። ልብ ቢቆም ደረት ይጫን ወይ? በማሽን ይተንፍሱ ወይ? ሆስፒታል ይሂዱ ወይ? ልጆች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። "ለእማዬ እንዳትነግሪያት" ይሉኛል ኮሪደር ላይ። እረዳቸዋለሁ፤ እኛ አገር መርዶ እንኳን ሌሊት ነው የሚነገረው፣ ሰው ተሰብስቦ። እኔ የማደርገው ይህን ነው። አስተርጓሚ ባያስፈልገኝም ብቻዬን አልገባም፣ ልጆቹ ባሉበት እገባለሁ። "እማማ፣ ስለ ጤናዎ ሁሉንም እንድነግርዎት ይፈልጋሉ? ወይስ ለልጅዎ ልንገር?" እላለሁ። አንዳንዶቹ "ለሷ ንገሪያት፣ እኔ ለፈጣሪዬ ትቼዋለሁ" ይላሉ። ያም መልስ ነው፣ እጽፈዋለሁ። ሌሎቹ ግን ልጆቻቸው ካሰቡት በላይ አስበውበታል። አንዷ "ደረቴን አትደብድቡኝ፣ ሥጋ ወደሙን ግን አስቀብሉኝ" አሉ። ልጃቸው ይህን መጀመሪያ የሰማው ያን ቀን ነው። ስለዚህ ሳይብስ፣ በደህናው ቀን ይሁን። ውክልና ያለው ልጅ ማን እንደሆነም አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስደውል አምስት ልጆች አምስት ነገር ቢሉኝ የሚጎዱት እናት ናቸው።

የመጨረሻው ቀላል ነው፣ ዛሬ ማታ ልትሠሩት ትችላላችሁ። አንድ ወረቀት ውሰዱ። ትልቅ አድርጋችሁ ጻፉ። ስማቸውን፣ እንዴት እንደሚጠሩ፣ በየትኛው ጆሮ እንደሚሰሙ፣ መነጽራቸውና ጥርሳቸው የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ሲሆኑ ሕመም ላይ እንደሆኑ። ከታች ስምንት የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ ከነትርጉሙ። ውሃ፣ ሽንት፣ ሕመም፣ ብርድ፣ ራበኝ፣ ተነሽ፣ ቆይ፣ አይዞዎት። አልጋው ራስጌ ላይ ለጥፉት። አንዲት ልጅ እንዲህ አድርጋ ለጠፈች። በሳምንቱ ማታ ስገባ ከፊሊፒንስ የመጣችው የሌሊት ሲኤንኤ እናትየዋን እያገላበጠች ከወረቀቱ ላይ እያየች "አይዞዎት እማማ፣ አይዞዎት" ትላለች። እናትየዋ እጃቸውን ዘርግተው የራሳቸውን ክብደት በከፊል ተሸከሙላት። እስከዚያ ድረስ ሌሊት ሲነኳቸው ይጮሁ ነበር፤ ለዚያም የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊታዘዝላቸው ተጠይቄ ነበር። አላዘዝኩም።